ወንበር ላይ የወጣው ሸማኔ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አስቀድሜ ላስተዋውቅ። ስማቸውን አልጠራም፤ ገሚሶቹ አልፈዋል፣ ያሉትም ሳይጠየቁ ስማቸው ወረቀት ላይ ቢውል ደስ አይላቸውም። አንደኛው ሸማኔው ጎረቤቴ ነው። በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ፣ ከእኔ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ በሚጋራ የቀበሌ ቤት ይኖር ነበር። ሁለተኛዋ ሚስቱ ናት፤ ጥጥ ትፈትላለች፣ ትንሽ ትናገራለች፣ ብዙ ታያለች። ሦስተኛው ሽሮ ሜዳ ላይ ሱቅ የነበራቸው ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ ነበር የምንላቸው። ሸማኔው የሚሠራውን ነጠላ ሁሉ የሚረከቡት እርሳቸው ነበሩ። አራተኛዋ ባለቤቴ ናት። አምስተኛው እኔ ነኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም አለበት፤ እርሱን ግን ማንም አልጠራውም፣ ራሱ መጥቶ ነው የገባበት።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አንድ ጋራዥ ውስጥ የብየዳና የእንጨት ሥራ እሠራ ነበር። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ፣ ብቻዬን ነው። ስኳርና ጨው ተጠቅልሎበት የመጣውን ጋዜጣ አልጥልም ነበር፤ እጥፉን እያቃናሁ አነብበዋለሁ። በዚህ መንገድ ስለ ማሽን፣ ስለ ሩቅ አገር ፋብሪካ ብዙ ነገር ግማሽ ግማሹን ዐወቅሁ፤ ጋዜጣው የሚቀደደው ሁልጊዜ ዋናው ነገር ላይ ነበርና። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ልማድ ያወጣል። የሚያርመው ስለሌለ የገባው ሁሉ ትክክል ይመስለዋል። ልጆቼን ስለ ትምህርት ስቆጣ የኖርኩት ይህን በራሴ ስላየሁት ነው።

ያ ግማሽ ዕውቀት ነው እንግዲህ ነገር እንድፈጥር ያደረገኝ። መጀመሪያ የወረፋ ወንበር ሠራሁ። ያን ጊዜ ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነው፤ ሰው ግማሽ ቀን ይቆማል። አንድ እግር ብቻ ያለው በርጩማ ሠራሁና ወገብ ላይ በቀበቶ የሚታሰር አደረግሁት። ሲራመዱ ከኋላ ይንጠለጠላል፤ ወረፋው ሲቆም ቁጭ ይባልበታል። ባለቤቴ ታጥቄው ስወጣ አየችኝ።

«ጅራት ያለው ሰው አላገባሁም» አለች። «ወይ እሱን አስቀምጠውና ሂድ፣ ወይ እኔ እሄዳለሁ።»

አስቀመጥኩት። ቀጥሎ በብስክሌት ፔዳል የሚዞር የዱቄት ወንፊት ሠራሁ። ወንፊቱ እንደ ፈለግሁት ዞረ፤ ዱቄቱ ግን አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ያሰጣችው ልብስ ላይ ዐረፈ። ልብሱን ያጠበችው ባለቤቴ ናት። እኔ ደግሞ የተሸነፍኩ አይመስለኝም ነበር። ከሥራ ስመለስ ጉጥ የሌለበት ጣውላ ካገኘሁ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ፣ በየቤቱ ጣራ ላይ የሚተኛው የባሕር ዛፍ ጢስ፣ ከግድግዳው ማዶ የሸማኔው መወርወሪያ ከዳር ዳር ሲሮጥ የሚያሰማው ድምፅ፤ ያን ድምፅ እየሰማሁ መጋዝ መጎተት ለእኔ እንደ ጸሎት ነበር። ዛሬም አንዳንዴ ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

የሸማኔ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ልንገረው። ሸማኔ የሚሠራው ጉድጓድ ላይ ነው። የቤቱ ወለል ይቆፈራል፤ ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጥና እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ መርገጫዎቹን ይረግጣል። ከፊቱ ድሩ ተወጥሯል፤ ያለቀው ጨርቅ የሚጠቀለልበት ወፍራም እንጨት ጭኑ ላይ ያርፋል። በእንጨቱና በጉድጓዱ መሃል እንደ ተያዘ ይውላል። በበጋ ክፋት የለውም። ጉለሌ ግን ተዳፋት ነው፤ በክረምት ከእንጦጦ የወረደው ውሃ ውስጥ ለውስጥ ይመጣና ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሸማኔው ጠዋት ጠዋት ውሃውን በጣሳ ቀድቶ ይደፋል፣ ጆንያ ያነጥፋል፣ ከዚያ እግሩን እዚያው እርጥበት ውስጥ ይሰድዳል።

አንድ ዓመት ሰኔ ላይ ጉልበቱ አበጠ። ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ደጄ ላይ አገኘሁት፤ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚራመደው።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ከጉድጓዱ ውጣ አሉኝ፣ ጋሼ። ሌላ ክረምት ከዋልክበት እግርህ አይታዘዝህም አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ወጥቼ የት ልግባ? ሌላ ሥራ አላውቅ።»

አራት ልጆች ነበሩት። ሐጂ ለእንቁጣጣሽ የሚሸጡትን ነጠላ አዝዘውት፣ ድርና ማጉን አስቀድመው ሰጥተውታል። ወይ እግሩን ይተዋል፣ ወይ ሥራውን። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ከጉድጓድ ውጪ የሚያሠራ የሽመና ዕቃ እሠራልሃለሁ አልኩት። ባለቤቴ ከውስጥ ሰምታ፣

«እግዜር ይሁንህ፣ አንተ ልጅ» አለችው።

ከጋራዡ የተጣለ የጭነት መኪና ካሶኒ ጣውላ ገዛሁ። ቡሎንም ጨመርኩ። አራት እግር ያለው፣ እንደ ትልቅ ጠረጴዛ ከፍ ያለ ነገር ሠራሁ። መርገጫዎቹን ከሥሩ አንጠለጠልኳቸው፤ ሸማኔው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግሩ ደረቅ ሆኖ ይረግጣል። ከሁሉ የኮራሁት ግን በወንበሩ ነው። ጉልበቱ የታመመ ሰው ሲነሣና ሲቀመጥ እንዳይቸገር ብዬ፣ ጭኑ ላይ የሚያርፈውን እንጨት በገመድ ከወንበሩ ጋር አያያዝኩት። ሲቀመጥ በራሱ ክብደት ድሩ ይወጠራል፤ ሲነሣ ገመዱ ይለቅና እንጨቱ ወደ ፊት ሄዶ መውጫ ይሰጠዋል። ይህን ሐሳብ ከየትም ጋዜጣ አላገኘሁትም፤ የራሴ ነው።

ዕቃውን ቤቱ ውስጥ ተክለን፣ ጉድጓዱን በጣውላ ከድነን፣ ሸማኔው ወጥቶ ተቀመጠ። ረገጠ። መወርወሪያውን ላከው፣ መለሰው። እግሩን ወደ ታች አይቶ ሣቀ።

«ጋሼ፣ ደረቅ ነው» አለ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ላየው ገባሁ። ብድግ ብሎ ቆመና «ኖር፣ ጋሼ» አለኝ። በጉርብትና ስንኖር ተነሥቶ ተቀብሎኝ አያውቅም፤ ከጉድጓድ እንዴት ይነሣል? «በእግዜር፣ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አልኩት። ልቤ ግን በጣም ደስ አለው። አንድ ሰው በእኔ ሥራ ቀና ብሎ ቆመ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ለባለቤቴም ይህንኑ ነገርኳት።

ወሬው ሽሮ ሜዳ ደረሰ። ሸማኔ ወንበር ላይ ወጣ ሲባል ሰው ለማየት ይመጣ ጀመር። ዘመዶቹ፣ የሙያ ጓደኞቹ፣ የዕድር ሰዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሽማግሌዎች። ዕቃውን «ዙፋኑ» አሉት። ይህ ስም ሊቀመንበሩ ጆሮ ደረሰና ከኮሚቴው ጋር መጣ። ሸማኔው ተነሥቶ ቆመ። ሊቀመንበሩም ቆሞ ስለ ሰፊው ሕዝብ የፈጠራ ችሎታ ረጅም ንግግር አደረገ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ዙፋን የሚሉት ይሄ ነው?»

«ሰው ነው ያለው እንጂ እኔ አላልኩም» አልኩ።

«ዙፋን የሚባል ነገር በዚህ አገር ቀርቷል፣ ጓድ። ሌላ ስም ስጡት።»

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር። «በርጩማው እንበለዋ» አለች።

ሊቀመንበሩ አሰበበት። «እሱ ይሻላል» አለና ለሁለተኛው ዕቃ ማሠሪያ ብሎ ከቀበሌው ሃያ ብር አስቆጠረልን። ለሌሎች ሸማኔዎችም ይታደላል ተባለ። እኔ ያን ሰሞን መንገድ ላይ ስሄድ ደረቴን ነፍቼ እንደ ነበር ባለቤቴ ስትናገር ትኖራለች። እውነቷን ነው። ከሥራ ስመለስ ወደ ቤቴ ከመግባቴ በፊት ሸማኔው ቤት እገባለሁ፤ ጠዋትም ስወጣ አንገቴን አስገባለሁ። ቡሎኑን እነካካለሁ፣ ገመዱን እፈትሻለሁ። እሱም ሁልጊዜ በፈገግታ ብድግ ይላል።

ጳጉሜ ሲቃረብ ሐጂ ዕቃቸውን ሊያዩ ራሳቸው መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሲገቡ ሸማኔው ተነሣ፤ «ኖር፣ ሐጂ» አለ። ሐጂ በእጃቸው አስቀመጡትና ያለቁትን ነጠላዎች አንሥተው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱ። አንዱን ዘርግተው በብርሃኑ ላይ ያዙት። ሌላውን ያዙ።

«ይሄ መስመር ምንድነው?»

ሸማኔው መሬት መሬት አየ። እኔም ሄጄ አየሁ። ነጠላው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሳሳ መስመር ነበር፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ጨርቁ አንድ ቦታ ጥብቅ፣ አንድ ቦታ ልል ነው።

«ክሩ ነው?» አሉ ሐጂ። «እኔ የሰጠሁህ ክር ነው እንዲህ ያደረገው?»

«አይደለም፣ ሐጂ» አለ ሸማኔው።

ሚስቱ ጥግ ላይ እንዝርቷን ይዛ ነበር። ቀና ሳትል፣ «ኖር ነው» አለች።

«ምን?»

«ኖር ነው፣ ሐጂ። ሰው ሲገባ ይነሣል። ሲነሣ ድሩ ይላላል፣ ሲቀመጥ ይወጠራል። የተነሣበት ቦታ ሁሉ ይታያል።» ተነሥታ መጣችና ጣቷን ነጠላው ላይ አሳረፈች። «ይቺ ሰፊዋ የሊቀመንበሩ ናት። እሱ ረጅም ስለተናገረ ይሄም ቆሞ ቆየ፤ ሲቀመጥ የእጁ ልክ ጠፍቶበት ነበር። ይቺ የዕድሩ ዳኛ። እነዚህ ተከታትለው ያሉት ደግሞ...»

ወደ እኔ ቀና ብላ አየች።

«ንገሪኝ» አልኳት።

«የጋሼ ናቸው።»

ሐጂ መጀመሪያ ሣቃቸውን ሊይዙት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ወላሂ፣ ነጠላ ሳዝዝ የእንግዳ ብዛት ገዛሁ» አሉ። ከዚያ ነጠላውን አጠፉና ፊታቸው ኮስተር አለ። «ልጄ፣ ይሄን በዐውደ ዓመት ማን ይለብሰዋል?»

እኔ ሸማኔው ላይ ተቆጣሁ። «ለምን አልነገርከኝም? አፍ የለህም?»

«ጋሼ፣ ለእኔ ብለው ሠርተውልኝ፣ እንዴት ተቀምጬ ልቀበልዎት?»

በዚህ ነገር ቀልድ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ታላቅ ሲገባ የተቀመጠ ይነሣል። አንድ ልጄ አጎቱ ሲገባ ቁጭ ብሎ በመቆየቱ ራት ከልክዬው ዐውቃለሁ። ከዚህ ሥርዓት ነጻ የነበረው ሸማኔ ብቻ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኖር» ይላል፣ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ያልፋል፣ ማንም ቅር አይለውም። እኔ ለጉልበቱ አዝኜ ሳወጣው፣ በቀላሉ እንዲነሣም ሳደርግ፣ ያንን ምሕረት ወሰድኩበት። ጣውላውን በስንዝርና በገመድ ለክቼ ነበር፤ ወደዚያ ቤት በቀን ስንት ታላቅ ሰው እንደሚገባ ማሰብ ግን አልመጣልኝም።

እጅ አልሰጠሁም። በሩን ዝጋ አልኩት፤ በሩ ከተዘጋ ብርሃን የለም፣ ቤቱ መስኮት አልነበረውም። ገመዱን ከወንበሩ ፈትቼ ከምሰሶው ጋር አሰርኩት፤ አሁን ድሩ አይላላም፣ እሱም እንጨቱ ጭኑ ላይ ስላለ እንደ ድሮው ተይዟል ብዬ። ግን ሰው በገባ ቁጥር ሳያስበው ብድግ ሊል ይሞክራል፣ ያበጠው ጉልበቱ ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል። የጉድጓድ እስር ለሰው ሁሉ ይታያል፤ የገመድ እስር ለማንም አይታይም። አንድ ሽማግሌማ «ወንበር ላይ ከወጣ ወዲህ ኮራ» ብለው ወጥተው ሄዱ። እንደ ገና ፈትቼ ወደ ወንበሩ መለስኩት።

በመጨረሻ ትእዛዝ ሰጠሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ቢገባ እንዳትነሣ። እኔም ብሆን። ከእኔ ጀምረህ ልመድ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ፤ ፊቱ ግን እሺ አላለም።

በማግስቱ ገባሁ። አልተነሣም። ከላይ ሆኖ «ኖር» አለኝ፤ እጁ እየሠራ፣ ግንባሩ አልቦት። የእንግዳው መቀመጫ ያው የድሮው ዝቅተኛ በርጩማ ነው፤ ስቀመጥ ጉልበቱ ከፊቴ ትይዩ ሆነ። እኔ ነኝ አትነሣ ያልኩት። ዐውቄዋለሁ። ሆኖም «በእግዜር» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ቡሎን የምፈትሽ መስዬ ትንሽ ቆየሁና ወጣሁ።

ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ዛሬ አልተነሣልህም አይደል?»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

«እሱንማ ዐውቃለሁ። ፊትህን አይቼ ነው።»

«ይለመዳል።»

«አንተ ልጆችህን በምን እንደቀጣህ እኔ አልረሳሁም። አንተ ያልቻልከውን ሊቀመንበሩ ይችላል? እሱ ሲገባ ቁጭ ብሎ ቢቆይ ምን እንደሚባል ታውቃለህ።»

ዐውቃለሁ። በዚያ ዘመን የቀበሌ ሊቀመንበር ሲገባ አለመነሣት ሌላ ትርጉም ነበረው። አንድን ሰው ለእግሩ ብዬ ለሌላ ነገር ልዳርገው አልችልም። ያን ቀን ቆም ብዬ አሰብኩ። ሰው እኔ ከተሳሳትኩት ነገር ውስጥ አንዱን መርጠህ ንገረኝ ቢለኝ የምነግረው ይህን ነው። አንድ ነገር ትክክል ነው ብዬ ሳምን፣ ለዚያ ነገር ስል ራሴ ልሸከመው የማልችለውን ሸክም ሌላ ሰው ላይ ጫንኩ። ልጆቼ ይህን ቢያነቡ አባታችን ለስለስ አለ ይሉ ይሆናል። ለስለስ አላልኩም። አሁንም ታላቅ ሲገባ ይነሣል እላለሁ።

ሸማኔው ራሱ መጣ፤ ከሚስቱ ጋር። እኔ ቤት ገብቶ ቆሞ ነው የተናገረው።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ወደ ጉድጓዴ ልመለስ።»

«እግርህስ?»

«እግሬን ዐውቀዋለሁ። እዚያ ሆኜ ግን ሥራዬን እሠራለሁ፤ ሰውም ሰው ይለኛል።»

ሚስቱ ጨመረችበት። «ጣውላውን ግን አይውሰዱት። ጉድጓዱ ውስጥ ቢገባስ?»

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ዕቃውን ፈታታነው። ጉድጓዱን ጥቂት ጥልቅ አደረግን፣ ከታች ድንጋይ ደረደርን፣ በድንጋዩ ላይ የካሶኒውን ጣውላ ወለል አደረግን፣ ግድግዳውንም በቀረው ለበጥን። ውሃው በድንጋዩ ሥር ሄዶ በቤቱ ጀርባ ወዳለው ቦይ እንዲወጣ መንገድ ቀደድኩለት። ሐጂ መጥተው አዩና፣ «አሁን ገና መርከብ ሠራህ» አሉኝ። ሸማኔው ገባበት፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኖር፣ ሐጂ» አለ። «በእግዜር» አሉ። መወርወሪያው አልቆመም።

እግሩ ድኗል ብዬ አልዋሽም። በክረምት ያነክስ ነበር፤ ብርዱ ሲጠና ሥራ ያቆማል። የጤና ጣቢያ ሰዎች እንደ ፈሩት ግን አልሆነም፤ እሱና ቤተሰቡ ከዚያ ሰፈር እስከ ተነሡ ድረስ ከግድግዳው ማዶ ሲሠራ እሰማው ነበር። ቀበሌው ሁለተኛውን ዕቃ አልጠየቀም፤ ሊቀመንበሩ ሌላ ንግግር የሚያደርግበት ነገር አግኝቶ ነበር። ሃያውን ብር ልመልስ ስሄድም የሚቀበለኝ አጣሁ፤ ድንጋዩና ቦዩ ላይ ዋለ። ሌላ ሸማኔ ወንበር ላይ ልውጣ ብሎ አልመጣም። እኔም ከዚያ በኋላ የማይጠየቅ ነገር መሥራት ቀነስኩ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሐጂ ሱቅ ውስጥ ተሰብስበን ሒሳብ ተሳሰብን፤ ቂም እንዳይቀር እኔ ነኝ የጠየቅሁት። የእኔ ጣውላና ቡሎን አርባ አምስት ብር ነበር። ሐጂ መስመር ያለበትን ነጠላ ለጋቢ መደረቢያ በግማሽ ዋጋ ሸጠው ሠላሳ ብር ጎድሎባቸዋል። ሸማኔው ያጣው የእጅ ዋጋ ስልሳ ነበር። የቀበሌው ሃያ አለ። ሐጂ የሸማኔውን ልሙላ አሉ፤ ሸማኔው እምቢ አለ። እኔ የሐጂን ልሙላ አልኩ፤ እርሳቸው እምቢ አሉ። ባለቤቴ፣ «በቃ፣ ሁላችሁም ኪሣራችሁን ይዛችሁ ተነሡ» አለች። ማንም ከማንም አንድ ሳንቲም አልተቀበለም። የሁላችን ኪሣራ ድምሩ አንድ መቶ ሃምሳ አምስት ብር ሆነ።